ከል ለብሼ ዘፈን ስፈልግ

የባሌ ታላቅ ወንድም ፊት ለፊት ስንገናኝ «ጋሼ» ነው የምለው፣ አንቱም እለዋለሁ። እዚህ ግን አልልም። የባሌ አርባ እንኳ ሳይወጣ መጥቶ፣ የሐዘን ድንኳን ሲተከል የተበደርነው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ «ሱቅ የሴት ሥራ አይደለም። ይሄ ብርድ እስኪያልፍ አይሻለሁ፤ ገበያው ካልቆመልሽ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ» ያለኝ ሰው ነው። እናታቸው፣ አማቴም አጠገቡ ነበሩ።

ሱቃችን ደብረ ብርሃን ነው፣ የምንሸጠውም ባና ነው፤ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ። ደንበኛ የሚመጣልን ባሌ ስልክ ላይ በሚለቃቸው አጫጭር ቪዲዮዎች ነበር። ቀራጺው እሱ፣ ለፍላፊው እሱ፣ ዘፈን መራጩም እሱ። እኔ ባናውን እያጣጠፍኩ ማቀበል ነበር ሥራዬ። እሱ ሲሞት ገጹም አብሮት ዝም አለ። አዲስ አበባ ያሉ ደንበኞቻችን ሱቁ የተዘጋ መስሏቸው ነበር።

ስልኩን አነሳሁት። ግን ሐዘን ላይ ነኝ፤ በሐዘን ቤት ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም፣ እንኳን ዘፈን። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቪዲዮ ያለ ምንም ድምፅ ለቀቅኩት። አንዱ ከሥር «ድምፅ የለውም እንዴ? ወይስ ስልኬ ነው የተበላሸው?» ብሎ ጻፈ። ሌላ የጻፈም የጠየቀም የለም።

ጎረቤቴ በገና አድርጊበት አለችኝ። ኧረ በሕግ! በገና ለእግዜር ነው እንጂ ለብርድ ልብስ መሸጫ ነው እንዴ? እኔ ዋሽንት ይሻላል አልኩ። ዋሽንት ዘፈን አይደለም፣ ማንንም አያስቀይምም ብዬ። ስልኩ ላይ በነፃ ከሚገኙት አንዱን መረጥኩና ከሌን እንደለበስኩ፣ ባናውን ታቅፌ፣ ዋሽንቱ ከኋላዬ ሲያንጎራጉር ለቀቅኩት።

አገር ምድሩ ዋሽንት የሚሰማው የሞተ ሰው ዜና ሲነበብ መሆኑን እንዴት እንደረሳሁት እንጃ! «ነፍስ ይማር» የሚለው መልእክት ጎረፈ። «ቀብሩ የት ነው?» ያለም አለ። በማግስቱ ጫጫ የምትኖረው የባሌ አክስት ከሚኒባስ ወርዳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ «ደግሞ ማን ሞተብኝ!» እያለች ከመንገድ ጀምራ እየጮኸች መጣች።

«ማንም አልሞተም! ባና እየሸጥኩ ነው!» አልኳት።

ደንግጣ አየችኝ። ከዚያ ከመጣሁ አይቀር ብላ ለባሌ አለቀሰችና፣ ሻይ ጠጥታ ተመለሰች።

ያን ቀን በጣም ተናደድኩ። በራሴም፣ በሰዉም። ባሌ በሕይወቱ እንዲህ የሚያላዝን ነገር ከፍቶ አያውቅም። ደግሞስ ብርድ የሚያንቀጠቅጠው ሰው ምን ብሎ ነው ከሚያለቅስ ሱቅ የሚገዛው?

ባና የሚሠሩልን ሰዎች አንኮበር ናቸው። ጥቅምት ሲገባ ላመጣ ወጣሁ። ገበያ ቀን ነበር፤ ከአንድ ጠጅ ቤት የማሲንቆ ድምፅ ሰማሁ። ከሌን እንደለበስኩ ሰተት ብዬ ገባሁ። ማሲንቆ መቺው ልቆጣው የመጣሁ መስሎት መምቻውን አወረደ።

«ስለ ብርድ ግጠምልኝ፣ ስለ ባና» አልኩት። «ስልክ ላይ ለማስታወቂያ ነው የምለቀው፤ ከፈቀድክ።»

«እህቴ፣ ከል ለብሰሽ?»

«ከሉ እኔን ነው የሚመለከተኝ። አንተ ግጠም።»

ትንሽ አሰበና ጀመረው፦

«ጥቅምትም ገባና ውርጩ ጀመረና፣
ከማን ጋር ላድር ነው ካልገዛሁኝ ባና!»

ጠጅ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። አስደግሜ ቀረጽኩት፣ ለቀቅኩትም።

ስልኬ መጥራት ጀመረ። ከአረርቲ የደወለች ሴትዮ «እኛ ጋ እንኳ ይሞቃል፣ ግን ለእናቴ ላኪልኝ» አለችኝ። ወሬውም አብሮ ነደደ። ባልዋ አፈር ሳይጫነው ዘፈን ከፈተች ተባልኩ። ድንቄም!

ሳይውል ሳያድር ወንድምየው ሁለት የእድር ሽማግሌዎችንና አማቴን አስከትሎ ሱቄ መጣ። እኔ ቀጣዩን ቪዲዮ ለመቅረጽ ባና እየዘረጋሁ ነበር።

«ወንድሜ በሞተ በስንት ጊዜው ነው 'ከማን ጋር ላድር ነው' የምትይው?» አለ እየጮኸ።

«ከባና ጋር ነዋ! መልሱ እኮ እዚያው ግጥሙ ላይ አለ።»

አንደኛው ሽማግሌ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ዘፈን የለም። ወግ ነው! ወግ ካላወቅሽ ቁልፉን አምጪ» አለና እጁን ዘረጋ።

የዘረጋሁትን ባና ሰብስቤ ያዝኩ።

«ጋሼ፣ ሱቁን ሊወስዱ ሲመጡ አርባው እንኳ አልወጣም ነበር። ያኔ ወጉ የት ሄዶ ነው? እኔ ለባሌ የማለቅሰው ማንም አዞኝ አይደለም። ስሸጥም የማንንም ፈቃድ አልለምንም።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። አማቴ ልጃቸውን ረዘም አድርገው አዩትና ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ከእኔ ጋርም ከሱ ጋርም አልቆሙም። እሱ እጁን እንደዘረጋ በሩን ሞልቶ ቆሟል።

ባናውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁ። ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስደግፌ ማሲንቆውን ከፈትኩት።

«ጋሼ፣ ከበሩ ዞር ይበሉልኝ» አልኩት። «ብርሃን ከለከሉኝ።»