ከአሰላ ጢቾ፦ ማዕበልን ለአባባ ለማስረዳት

ንጋት፣ አሰላ መናኸሪያ

ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። የጭላሎ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ገና አልነቃም፤ እኔ ግን ነቅቼ ከሚኒባሱ ረዳት ጋር ተጣልቻለሁ። ለሁለት ሰው የተሠራ ወንበር ላይ "ሦስት ሦስት ሁኑ" ይላል። ያውም ታሪፉን ጨምሮ!

"ድንች ነኝ እንዴ?" አልኩት።

"ድንችማ ዝም ይላል" አለኝ።

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ከኔ አጠገብ የተቀመጠችው እህቴ ሀዊም ሳቀች፤ እሷ እንኳን ለይምሰል ትከላከልልኛለች ብዬ ነበር።

ሀዊ የሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪዋን ጨርሳ ለሦስተኛው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። ምዝገባው ነገ ያበቃል። ጢቾ ያሉት አባባ ግን "ይበቃታል፣ እዚሁ መጥታ ታስተምር" ብለዋል። ያለ እሳቸው ምርቃት ደግሞ እግሯን አታነሳም። ስለዚህ "አንተ አፍ አለህ፣ የማጠናውን አስረዳልኝ" ብላ ይዛኝ መጣች። እኔ ማለት ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ቆይቼ ከአስተማሪ ተጨቃጭቄ የወጣሁ ሰው ነኝ። ተስፋዋ እኔ ላይ ከወደቀ ያው ወድቋል።

ሳጉሬ

ሻይ በቦምቦሊኖ። የገብስ ጆንያ የጫኑ ጋሪዎች መንገዱን ሞልተውታል፤ ፈረሶቹ እንደኔ ተኮሳትረዋል። ልለማመድ ብዬ አጠገባችን የተቀመጡትን የሚኒባሳችንን ተሳፋሪ እናት፣ ነጭ ሽንኩርት ነጋዴዋን አዴ ፋጤን ያዝኳቸው።

"አዴ፣ እስቲ ማዕበል ያስቡ።"

"ባሕሩ የት አለና?"

"ግድ የለም፣ ያስቡ። ትንሽ ሲሆን ይበተንና ይጠፋል። ኃይለኛ ሲሆን ግን ራሱን በራሱ ይገፋል። ሁለት እጥፍ ቢገፉት ሁለት እጥፍ አይመልስም፣ ያብዳል። ያኔ ወይ ይፈነዳል፣ ወይ ቅርጹን ሳይለቅ ዝም ብሎ ይጓዛል። እህቴ የምታጠናው ብዙ ጊዜ ከቆየ በኋላ መጨረሻው ምን ይሆናል የሚለውን ነው።"

"መጨረሻው እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው አትበል" አለች ሀዊ፣ ቦምቦሊኖዋን እያኘከች። "ለሁሉም ዓይነት ማዕበል ገና አልተረጋገጠም። እኔን የሚያስኬደኝ እሱ ነው።"

አዴ ፋጤ አዩኝ፣ አዩኝና "አንተስ የትኛው ነህ ልጄ?" አሉ።

ረዳቱ ቀድሞኝ ከሻይ ቤቱ በር ጮኸ፦ "ይሄማ የሚፈነዳው ነው! ከአሰላ ጀምሮ እየጠበቅነው ነው!"

ወደ ጢቾ፣ መንገድ ላይ

ግራና ቀኝ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ። ከፊታችን አንድ የእህል ማጨጃ ኮምባይነር መንገዱን ዘግቶ እንደ ሙሽራ ይንሸራሸራል። ከኋላው ስንት መኪና ተሰልፏል! ሁሉም ተራውን ይጠብቃል። እኔ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ልሳደብ አፌን ስከፍት፣ ያራገፈው ገለባ ሁሉ አፌ ገባ። እስከ ጢቾ ድረስ እየተፋሁ ነበር የሄድኩት።

ጢቾ፣ ምሽት

ስለ አባባ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፊት ለፊት "እሺ" ወይም "እምቢ" ብለው አያውቁም። ፍርዳቸውን የሚሰጡት ማዕድ ላይ ሲጸልዩ ነው። እኛ ዓይናችንን ጨፍነን፣ ማን ምን እንደተፈቀደለት ከጸሎቱ እንሰማለን። አሜን ከተባለ አለቀ፤ ይግባኙ የሚቀጥለው ጸሎት ነው።

እናቴ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አቀረበች። እኔ የእጅ መታጠቢያውን ሳፋ ወለሉ ላይ አስቀምጬ ውኃ ሞላሁና ሥራ ጀመርኩ።

"ይኸው አባባ፣ ማዕበል አንዳንዴ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ይፈነዳል። ቀስ ብዬ ስነካው ጠፋ። አሁን ደግሞ በኃይል ስገፋው..."

ግማሹ ውኃ ካልሲያቸው ላይ አረፈ።

"ገባኝ" አሉ አባባ፣ እግራቸውን እያነሱ። "ይሄ የሚፈነዳው ነው።"

ሀዊ ሳፋውን ቀማችኝ። "አባባ፣ ቅርጻቸውን የማይለቁም አሉ። ሁለት እንዲህ ዓይነቶቹ መንገድ ላይ ይገናኙና ይጋጫሉ።"

"ማን ያሸንፋል?"

"ማንም። ሁለቱም እንደነበሩ ሆነው ይወጣሉ። ብቻ ሁለቱም፣ ባይገናኙ ኖሮ ከሚሆኑበት ቦታ ትንሽ ፈቀቅ ይላሉ።"

አባባ ካልሲያቸውን አውልቀው ጨመቁ። ከዚያ "እንጸልይ" አሉ።

ጨፈንን። ለጭኮው አመሰገኑ። ለዝናቡ አመሰገኑ። ቀጥለው "ጌታ ሆይ፣ ልጄን ሀዊን በዚሁ በጢቾ..." ሲሉ ደሜ ፈላ። በዚሁ በጢቾ! ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ገለባ፣ ለዚህ? ፍርዱ ሳይታተም ልዝጋው ብዬ በሙሉ ድምፄ "አሜን!" አልኩ።

ቤተሰቡ ልማድ ሆኖበት "አሜን" ብሎ ተከተለኝ። እናቴ ማንኪያዋን አነሳች።

አባባ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። "አልጨረስኩም ነበር" አሉ። ጸሎቱን ትተው ወደ ጭኮው ዞሩ። ሀዊ ጭኮውን ወደ እኔ ገፋችልኝ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ንጋት፣ ጢቾ

ያው ሚኒባስ፣ ያው ረዳት። አዴ ፋጤም ገበያቸውን ጨርሰው ገብተዋል። ሀዊ ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች፤ ረዳቱን ጫነው አላለችም፣ ተወውም አላለችም። አባባ ጋቢያቸውን ደርበው ሸኙን።

"ሐሳቤ ያው ነው" አሏት። "ማስተማሩ ይሻልሽ ነበር።"

"የኔም ያው ነው አባባ" አለች።

ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። አባባ ግን በሩ ላይ ቆመው አንድ እጃቸውን ሀዊ ራስ ላይ ጫኑ። ሌላውን እጃቸውን አምጥተው አፌን ግጥም አድርገው ያዙት። ረዳቱ ይሄን አይቶ ሳቁን ዋጠ።

"ጌታ ሆይ፣ ማታ ይሄ ልጅ ያቋረጠኝን ልጨርስ። ልጄን ሀዊን በዚሁ በጢቾ እንደጠበቅሃት፣ አዲስ አበባም ጠብቃት። የጀመረችውን መጨረሻውን አሳያት። ይሄኛውንም እንዳይፈነዳ ያዝልኝ።"

አዴ ፋጤ ከውስጥ "አሚን" አሉ። እኔ በአፍንጫዬ እየተነፈስኩ ጠበቅኩ። እጃቸው ሳሙናና ቅቤ ይሸታል።

አባባ ሁለቱንም ዓይናቸውን ገለጡና እጃቸውን ከአፌ አነሱ።

"በል፣ አሁን" አሉኝ።