ኮርቻ የቀባሁ ዕለት

«አንቺ ልጅ፣ የሰው መኪና እያጠብሽ ነው ወይስ እየሞከርሽበት?»

ይህን ያለኝ የላቫጆው ባለቤት ነው፤ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ። እውነት ለመናገር ሁለቱንም ነበር የማደርገው። እንጅባራ ላይ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት መቀመጥ ስላቃተኝ ነው መኪና አጣቢ የሆንኩት። ከውሃና ከጭቃ ሌላ እዚያ የሚያዝናና ነገር ቢኖር ከሱቅ የሚመጣው አዲስ ጠርሙስ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ የለመደውን ሻምፖ ይፈልጋል፤ እኔ ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ካልሆነ እጄ አይሄድም። አንዱ ጎማ ማጥቆሪያ ጎማውን ትቶ የባጃጅ ሹፌሩን ሱሪ አጠቆረ። ሎሚ ሎሚ የሚሸት የዳሽቦርድ ቅባት ደግሞ ንብ ጠራ፤ ንቦቹ የቀባሁትን ሚኒባስ እስከ ዳንግላ መውጫ ድረስ ሸኙት። ባለቤቱ የጮኸብኝ በዚህ ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ የማናውቀውን ነገር መኪና ላይ ቀብተሽ ባገኝሽ፣ ውጪልኝ!» አለኝ።

መኪና ላይ ነው ያለው። ኮርቻ ላይ አላለም።

ጎረቤታችን ሽማግሌ ኮርቻቸውን ተሸክመው የመጡት በማግስቱ ነው። ክረምት ላይ አዳልጧቸው እግራቸው ተሰብሮ ነበር። አሁን ድነዋል፤ ትልቁ ልጃቸው ግን ጥር ላይ አገር በሚያየው የፈረስ ግልቢያ «ዘንድሮ ፈረሱን የምጋልበው እኔ ነኝ» ብሎ ይዟቸዋል። ስንት ተጨቃጭቀው ተስማሙ። ነገ ጠዋት አባትየው ሜዳው ላይ አንድ ዙር ይጋልባሉ፤ ካልተንገዳገዱ የጥር ወሩን ግልቢያ እርሳቸው፣ ከተንገዳገዱ ልጁ።

«እንዲያበራ አድርጊልኝ» አሉኝ። «ኮርቻውም እንደርስዎ አርጅቷል ይለኛል፣ ያ ጅል።»

«አባባ፣ እኔ እኮ መኪና ነው የማጥበው።»

«የመኪናው ወንበር ቆዳ አይደለም? ይኼስ ምንድን ነው? አንቀመጥበትም?»

መደርደሪያው ሥር የደበቅኩት አንድ ጠርሙስ ነበረኝ፤ ጽሑፉን የማላነበው፣ የሚያብለጨልጭ ወንበር የተሳለበት። አንዴ ቀባሁት፣ አማረ። ደገምኩት፣ ፊቴ ታየኝ። ሦስተኛውን ለምን እንደቀባሁ እኔም አላውቅም። ክዳኑን ልዘጋ ስል ሦስት ጊዜ ከእጄ አምልጦ ወደቀ፤ ስቄ አለፍኩት። ሽማግሌው «የሙሽራ መኪና አስመሰልሽው!» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ጠዋት ሥራዬን ትቼ ሜዳው ዳር ቆምኩ። ሽማግሌው ፈረሱን በአዊኛ እያባበሉ መጡ። ፈረሱን ሁልጊዜ በአዊኛ ነው የሚያናግሩት፤ አማርኛውን ልጃቸውን ለመስደብ ያስቀምጡታል። ፈረሱ በእርምጃ ሲሄድ ቀጥ ብለው ነበር። ሶምሶማ ሲጀምር ወደ ኋላ ሄዱ። ከዚያ ወደ ፊት መጡ። ከዚያ ወደ ጎን። መጨረሻ ላይ የፈረሱን አንገት ከሩቅ እንደመጣ ዘመድ አቅፈው ቆሙ።

«በቃ አባዬ» አለ ልጃቸው ልጓሙን እየተቀበለ። «ተነጋግረናል እኮ።»

«እግሬ ደህና ነው!» አሉ። «ወገቤ ነው መሰለኝ… እንጃ።»

እኚህ ሰውዬ «እንጃ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ነው ጣቶቼን እርስ በርስ ያሻሸኋቸው። ከትናንት ጀምሮ ታጥቤ ታጥቤ፣ አሁንም ያዳልጣሉ።

ወደ ላቫጆው ሮጬ አንድ ባልዲ የሳሙና ውሃና ስፖንጅ ይዤ ተመለስኩ። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጅየው ለተሰበሰበው ሰው ስለ አቀማመጥ ያስተምራል። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ጠርሙሱንም፣ ሦስቴ መቀባቴንም በሹክሹክታ ነገርኳቸው።

«ይቅርታ አባባ። አሁኑኑ አጥበዋለሁ። ለልጅዎም እነግረዋለሁ።»

ባልዲውን አዩት። ኮርቻውን አዩት። መዳፋቸውን አሸተቱ።

«እኔ ደግሞ አረጀሁ ብዬ…» አሉ።

«አባዬ፣ እስቲ ይዩኝ!» ልጅየው ከወዲያ ጮኸ። «መቀመጥ ማለት ምን እንደሆነ አንድ ዙር ላሳይዎት!»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አሳየኝ ልጄ። ግን ውላችን ላንተም ይሁና። ከተንገዳገድክ፣ የጥር ግልቢያ የኔ ነው።»

«እኔ ልንገዳገድ? እሺ! ሰው ሁሉ ይስማ!»

ሰው ሳቀ። ሽማግሌው ስፖንጁን ከእጄ ወስደው ባልዲው ውስጥ መልሰው ከተቱት።

«ሳሙናሽን ይዘሽ ሂጂ» አሉኝ፣ ወደኔ ሳይዞሩ። «መኪና ይጠብቅሻል።»

ልጅየው እግሩን እርካቡ ውስጥ ሲያስገባ ባልዲዬን አንስቼ ወደ ላቫጆው ሄድኩ።