የአከራዬ ባለ ማራገቢያ ምድጃ

ሸዋሮቢት በመምህርነት ስመደብ ያገኘሁት የኪራይ ክፍል ከአከራዬ ማድ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። አከራዬ ከስልሳ ዓመት ያለፉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። አስም አለባቸው። ጤና ጣቢያ «ከጭስ ይራቁ» ካሏቸው ወዲህ እንጨት ማንደድ ትተው፣ ልጃቸው በገዛችላቸው ባለ ማራገቢያ ምድጃ ያበስላሉ። ምድጃው ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ሸክላ ሆኖ ባልዲ ያክላል። የሚነደው ከመጋዝ ብናኝና ከቀወት ወረዳ የማሽላ አገዳ ተጨምቆ የተሠራ እንክብል ነው፤ ከሥሩ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ማራገቢያ ትነፋበታለች።

እንክብሉ የዶሮ መኖ ይመስላል። ጎረቤታችን ከረጢቱን ባየች ቁጥር «ዶሮዎቹን የት ደበቃችኋቸው?» ትላለች።

«መምህሩ ነው የሚበላው» ይሏታል አከራዬ።

ባለፈው ረመዳን ወባ ጣለችኝ። ደጋ ያደግኩ ነኝና ወባን የማውቃት ሰሌዳ ላይ ሥዬ ሳስተምር ነበር። ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረድኩም። አከራዬ እየጾሙ፣ በዚያ የቆላ ቀትር ምድጃ ለኩሰው አጥሚትና ሾርባ ይሠሩልኛል። ጾመኛ ስለሆኑ አይቀምሱም። ማንኪያውን አልጋዬ ድረስ ይዘው ይመጡና «ጨዉን ቅመስልኝ» ይላሉ። ትንሽ ይቀረዋል ካልኩ ተመልሰው ጨምረው እንደገና ይመጣሉ። እናቴ እንኳ ይህን ያህል ተመላልሳልኝ አታውቅም።

በሦስተኛው ቀን ከግድግዳው ማዶ ሳል ሰማሁ። ምድጃው ማጨስ ጀምሮ ነበር። በማግስቱ ስነሣ አከራዬ ማድ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ።

«ነገም እንዲህ ከሆነ ወደ እንጨቴ እመለሳለሁ» አሉኝ። «ጭሱ ያው ከሆነ፣ ቢያንስ መኖ አልገዛም።»

ሳቅሁ እንጂ ደስ አላለኝም። በእንጨቱ ዘመን ሁለት ጊዜ ሆስፒታል እንደተኙ ነግረውኛል።

እኔ ነገር በቅደም ተከተል ካልሄደ አይሆንልኝም። ወረቀት አወጣሁ። ጭስ ማለት ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነው፤ ስለዚህ ወይ እንክብሉ እርጥብ ነው፣ ወይ አመድ ታጭቋል፣ ወይ አየር አንሷል። ይህንኑ ለአከራዬ ዘርዝሬ አስረዳኋቸው። «እሺ መምህር» ብለው ጥላ ሥር ተቀመጡ።

መጀመሪያ አንድ እንክብል ሰበርኩ። የራሰ እንክብል ይፈረፈራል፣ ደረቁ ቀጭ ይላል። ቀጭ አለ። ለማንኛውም ብዬ የቀረውን ቆርቆሮ ላይ ለፀሐይ አሰጣሁት። አመዱን ጠርጌ የታችኛውን ወንፊት በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁ። ማራገቢያዋን ፈትቼ የክንፎቿን አቧራ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አራገፍኩ፤ ብሎኖቹን በተፈቱበት ተራ ጋዜጣ ላይ ደረደርኩ። ባትሪውን ቻርጅ አደረግሁ። ገጣጥሜ ለኮስኩት። ከበፊቱ ብሶ አጨሰ።

«እትዬ፣ እኔ ስታመም ውኃ አላፈሰሱበትም?»

«አላፈሰስኩም።»

«ምናልባት ሾርባው ገንፍሎ…»

«የእኔ ሾርባ አይገነፍልም።»

ይባስ ብዬ፣ የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ እንደምጠይቅ ሦስተኛ ጊዜ ጠየቅኋቸው። እንደገናም መፍታት ጀመርኩ። ሲያዩኝ ቆይተው፣

«ሁሉንም ፈታህ» አሉ። «ደግነቱ ጭቃዬን አልነካህብኝም።»

«የምን ጭቃ?»

«ትናንት አፉን ዙሪያውን የለቀለቅሁት ነዋ። ሸክላው ተበሳስቶ አየሁ። እሳቱ በዚያ እንዳያመልጥ፣ ሾርባህም ቶሎ እንዲደርስ ብዬ ደፈንኩት።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከሸክላው ከንፈር ሥር ዙሪያውን የነበሩት ቀዳዳዎች በቀይ አፈርና በአመድ ተለቅልቀው፣ በጣት ተዳብሰው ጠፍተዋል። ሥራው ከማማሩ የተነሣ ሁለት ጊዜ ስፈታ ሁለቴም አልፌዋለሁ። በእኛ ሰፈር ምድጃዋ ተሰንጥቆ ዝም ያለች ሴት ትታማለች። አከራዬ ደግሞ በዚህ ታምተው አያውቁም።

«ጭሱ ሲመጣስ አልጠረጠሩትም?»

«አዲስ ልቅላቂ እስኪደርቅ ያጨሳል። ይደርቃል ብዬ ጠበቅሁ።»

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ምድጃው የመጣ ዕለት አስቀምጫቸው እንዴት እንደሚሞላ፣ እንደሚለኮስ፣ እንደሚጠፋ አስተምሬያቸዋለሁ። የላይኞቹ ቀዳዳዎች ለምን እንደተበሱ ግን አንድም ቃል አልተናገርኩም። ይህንን ነገርኳቸው፤ ስለ ውኃው ደጋግሜ በመጠየቄም ይቅርታ ጠየቅሁ። ከሥር የሚገባው አየር ማገዶውን ያነደዋል፤ ከላይ የሚገባው ደግሞ የሚነሣውን ጭስ ራሱን ያቃጥለዋል አልኳቸው።

«አፉን ዘግቼ ነዋ ተንፍስ የምለው» አሉ።

እኔ በአንድ ወገን፣ እሳቸው በሌላው ወገን ሆነን በምስማር ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ከፈትናቸው። ጭቃው እየተፈነቀለ ሲወድቅ «ወይ ድካሜ» ይላሉ። አመዱን አራግፈን፣ መልሰን ገጥመን ለኮስን። ለጥቂት ጊዜ አጨሰ፤ ከዚያ በየቀዳዳው ትንንሽ ነበልባል ወጣና ጭሱ ጠፋ።

ከመግሪብ በፊት ጎረቤታችን ብቅ ስትል አከራዬ ማድ ቤት ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የማፍጠሪያ ሾርባ ያማስላሉ።

«መኖው ሠራላችሁ?»

«ነይ ግቢ፣ ላሳይሽ» አሏት። «ይኼ በሁለት በኩል ነው የሚተነፍስ። ከታች አንድ፣ እዚህ አፉ ላይ ደግሞ ዙሪያውን። እኔ የሸክላ ብልሽት መስሎኝ ለቀለቅሁትና ይኼን ድሃ መምህር ከበሽታ አልጋ አስነሥቼ ቀኑን ሙሉ ብሎን አስቆጠርኩት። አንቺም ልጅሽ ከላከችልሽ ጭቃሽን ይዘሽ እንዳትጠጊው።»

እኔ ካስረዳሁት ይልቅ ግልጽ ነበር፤ የምጨምረው አልነበረኝም። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ግን ለትንፋሽ አንድ ጊዜ እንኳ አላቆሙም። እሳቸውም ሳያስተውሉት አልቀሩም መሰለኝ፣ ደረታቸውን በመዳፋቸው ነካ አድርገው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔም ከበሩ ላይ ሆኜ ተመስገን አልኩ።