የአቶ ፍሥሐ ፀሐይ

ልጅ ሳለሁ፣ ከእንጦጦ ግርጌ የካ ውስጥ ስንኖር፣ መብራት የጠፋ ምሽት ሁሉ ተረት ነበረው። ተረተኛው የባዮሎጂ አስተማሪው አጎቴ ታደለ ነበር። የጅብና የቀበሮ ወሬ አይወድም፤ ኩራዙን አጠገቡ አድርጎ፣ የባህር ዛፍ ፍሙን እየቆሰቆሰ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ቅጠል ውስጥ ስላለው ዝርፊያ ያወራልን ነበር።

ያኔ ዝርፊያ ምን እንደሆነ በደንብ ይገባኝ ነበር። እናቴ የምታሳድገን ጓሮ አብቅላ ላምበረት ገበያ በምትሸጠው ጎመን ነው። ጎረቤታችን አቶ ፍሥሐ በምሥራቅ በኩል ረጅም የቆርቆሮ አጥር አቁሞ የጠዋቷን ፀሐይ ከለከለን፤ ጎመኑም ገርጥቶ ቀጠነ። እናቴ ትንሽ ዝቅ እንዲያደርግላት ብትለምነው፣ «ካርታሽ ላይ ፀሐይ ተጽፏል?» አላት። ሰው ሁሉ ለይዞታ ካርታ የሚሯሯጥበት ዘመን ነበርና የሰሙት ሳቁ። አንቱ የምለውን ሰው ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቱ ማለት ተውኩ።

«ብርሃን የቅጠሉን አረንጓዴ ሲመታው ኤሌክትሮን የምትባል ቅንጣት ያስፈነጥርበታል» ይል ነበር አጎቴ። «የተነጠቀ ዝም አይልም። ውሃን ሰንጥቆ የጎደለበትን ይወስዳል፤ ከውሃው የሚወጣውን ኦክስጅን እኛ እንተነፍሰዋለን። ቅንጣቷን ደግሞ ቅጠሉ ውስጥ ያሉ ተቀባዮች ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበሏታል፤ ስትደክም ሌላ ብርሃን ያበረታታታል። በየመንገዱ የለቀቀችውን ጉልበት ቅጠሉ ያጠራቅምና ምግቡን ይሠራበታል።»

እኔ የያዝኩት «የተነጠቀ ዝም አይልም» የሚለውን ብቻ ነበር። ወጥ ቤት ሆና ስትሰማ የነበረችው እናቴም ሳትይዘው አልቀረችም።

ሰኔ ላይ አጥሩ ሥር ዱባ ተከለች። ሐረጉ የከሰዓቷን ፀሐይ እየለቃቀመ ቆርቆሮውን ወጣ፤ ጫፍ ደርሶ የጠዋቱን ብርሃን ሲያገኝማ ማን ይቻለው፤ ወደዚያኛው ግቢ ወርዶ የአቶ ፍሥሐን ጽጌረዳ በሰፋፊ ቅጠሉ አለበሰው። ጽጌረዳው ሲጠወልግ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ያፈራ ተክል መቁረጥ በሰፈራችን ነውር ስለሆነ ሰውዬው ቢላ ማንሳት አልደፈረም።

በመጨረሻ ሐረጉን እንድታነሳለት ሊለምን ቤታችን መጣ። እናቴ እህል ሳይቀምሱ ጉዳይ አይነገርም ብላ አስቀመጠችው፤ ትኩስ የዱባ ወጥ አቀረበችለት። አንድ ጊዜ እስኪጎርስ ጠበቀችና በለሰለሰ ድምፅ፣ «ይብሉ እንጂ አቶ ፍሥሐ፤ የራስዎ ፀሐይ ነው» አለችው።

አጥሩን ዝቅ አደረገው፤ ጎመናችንም አገገመ። ዛሬ ልጆቼን ይቅር ማለት መልካም እንደሆነ አስተምራለሁ። ያን ጉርሻ ለመዋጥ ሲታገል የነበረው ጉሮሮው ግን እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ባለኝ ቁጥርም እጠግባለሁ።