ለጥጃዋ ያጨድኩት ሣር

አይ እኔ! ሳይጠሩኝ የምሄድ፣ ሳይጠይቁኝ የምመልስ ሴትዮ ነኝ። «ሀ»ን ከመጥረቢያ የማልለይ፣ የትምህርት ቤት ጉዳይ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ማን ጠራኝ? ማንም።

ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ሕይወት ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። አንዳንዱን ስናገር «አያቴ፣ ይሄ አይጻፍም» ትለኛለች። «ጻፊ! እጅሽን ነው የጠየቅኩሽ እንጂ አፍሽን አይደለም» እላታለሁ።

ነገሩ የሆነው መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ክረምት ነው። ሕይወት ያኔ ስድስተኛን ጨርሳለች። እስከ ዛሬ ሳስበው አንዴ ያስቀኛል፣ አንዴ ይገርመኛል። ያን ቀን ሰው ሁሉ ያየው ሌላ ነው፣ እኔ የያዝኩት ሌላ ነው።

ቤታችን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ነው። እኔ ከደጋ፣ ከዶርዜ በኩል ነው የወረድኩት። ባሌ ሸማኔ ነበር፣ ነፍሱን ይማር። ልጄ አስቴር ያገባችው ተፈራን ነው። ተፈራ የወሎ ሰው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በጣም ጨዋ ነው። እኔ በገባሁ ቁጥር «እማማ፣ ይቀመጡ» ብሎ ከመቀመጫው ይነሳል። አንዳንድ ቀን እንዲነሳ ብዬ ብቻ እወጣና እገባለሁ።

በዚያ ክረምት ግን ከቤታችን ጨዋታ ጠፋ። የሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ነበር የሚያስተምረው። ከመስከረም ጀምሮ ሰባተኛና ስምንተኛም ይከፈታል ተባለ። አስቴር «እዚሁ ትማር» አለች። ተፈራ «አዲስ አበባ እህቴ ጋ ትሂድ» አለ። ከዚያ ወዲያ እራት በቀረበ ቁጥር ይሄው ነው።

«ወንበር እንኳን የለውም እኮ። መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት» ይላል እሱ።

«እኔስ መሬት ላይ ተቀምጬ አይደል የተማርኩት? የተማረው መቀመጫዬ ነው እንዴ?» ትላለች እሷ።

«አስተማሪ ገና አልተመደበም።»

«ይመደባል።»

«መጽሐፍስ?»

«እህትህስ? ልታስተምራት ነው ወይስ ተላላኪ ልታደርጋት?»

እዚህ ላይ ሲደርስ ተፈራ ሳህኑን ገፋ አድርጎ ይወጣል። ሳህኑን ገፋ አድርጎ ይወጣል። ሕይወት ወደኔ ጠጋ ትልና «እማዬም እውነት አላት፣ አባዬም እውነት አለው» ትለኛለች። «በይ ዳኛ ትሆኛለሽ፣ ዳኛ ነው እንደዚህ ብሎ የሚያጉላላው» እላታለሁ።

እኔን ግን የቆረቆረኝ ሌላ ነው። ይሄ ሰባተኛ ክፍል የሚሉት ምንድነው? ከስድስተኛው በምን ይለያል? ባልና ሚስት እንዲህ የሚያጣላ ነገር መቼም ትልቅ መሆን አለበት። እኔ በትምህርት ቤት አጥር ሥር ተቀምጬ ሙዝ ሸጫለሁ እንጂ ከበሩ አልፌ አላውቅም። ምን እንዳለ ማየት አማረኝ። እርጉዝ ሴት ምግብ እንደሚያምራት ነው ያማረኝ።

ደግሞም ልጅቷ ከሄደች እኔ ከማን ጋር ልስቅ ነው? ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም። በልጅ ነገር አሮጊት ስትገባ «ለራሷ ብላ ነው» ይባላል። እውነትም ለራሴ ብዬ ነው።

አንድ ቅዳሜ የወላጅ ስብሰባ ተጠራ። አስቴርና ተፈራ ለባብሰው ተነሡ። እኔም ነጠላዬን አነሣሁ።

«እማማ፣ እርስዎ ቤት ይረፉ» አለኝ ተፈራ።

«ይረፉ» ማለት «አይምጡ» ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እሺ አልኩና ማጭዴን ወገቤ ላይ ሻጥ አድርጌ፣ ለጥጃዬ ሣር ላጭድ ኩልፎ ወንዝ ዳር ወረድኩ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ሣሩ እርጥብ፣ ለምለም፣ ጉልበት የሚደርስ ነው። ደህና አድርጌ አጨድኩና ታቅፌ ተመለስኩ። በትምህርት ቤቱ በኩል ነው የተመለስኩት። መንገዱ በዚያ አያልፍም። እኔ ነኝ ያሳለፍኩት።

ስብሰባው አዲስ በተሠራው ክፍል ውስጥ ነው። ጭቃ ቤት ነው፣ ቆርቆሮ ክዳን አለው። መስኮቱ ከፍ ብሎብኝ በሩ ጋ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሣሬን እንደታቀፍኩ ትከሻዬን አስደግፌ በስንጥቁ ማየት ጀመርኩ።

ዳይሬክተሩ «ወንበር እስኪመጣ ልጆቹ መሬት ላይ ይቀመጣሉ፣ ምን ይደረግ» ይላል። ጋሽ አንጁሎ፣ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ «ከየቤታችን እንጨት እናዋጣና እንሥራ» ይላሉ። ከዚያ የኔ ተፈራ ብድግ አለ።

«እኔ በበኩሌ ልጄን ሌላ ቦታ ልልክ አስቤያለሁ። መምህር የሌለው ክፍል ወንበር ቢሠራለት ምን ይጠቅማል?»

ቤቱ ተናወጠ። በቀለ የሚባል አናጢ አለ፣ ትከሻው የበሬ ነው፣ ሕዝቡን እየጣሰ መጣ።

«ዘመድ ያለው ልጁን ይዞ ይሂዳ! ለኛ ልጆች አፈሩን ተዉላቸው!»

«እኔ እንደዚያ አላልኩም።»

«ብለሃል! አንተ እንግዳ ነህ፣ ነገ ሂያጅ ነህ። ስለ ሰፈራችን ትምህርት ቤት ምን አገባህ?»

«አፍህን ሰብስብ!» አለ ተፈራ። ያ ቀስ ብሎ የሚያወራው ሰውዬ! በቀለም ኮሌታውን አነቀው። አስቴር ጮኸች።

እኔ ምን አደረግኩ? ይበልጥ ለማየት ብዬ በሩን ተጫንኩ። በሩ ብርግድ አለ። ደፉ ላይ እግሬ ተጠለፈና በሁለት ጉልበቴ መሃል ቤት ተደፋሁ። ሣሩ አፈሩ ላይ እንዳይበተንብኝ በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ይዣለሁ።

ሁሉም ባለበት ቀጥ አለ።

የኛን የጋሞን አገር ለማታውቁ ልንገራችሁ። እኛ ጋ ሰው ሲጣላ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ይንበረከካል። ሣር ከተያዘ በኋላ እጅ አይሰነዘርም፣ ዱላ አይወርድም። ሣሩን አልፎ የሚማታ ሰው የለም። ነውር ብቻ መስሏችሁ? እርግማን ነው። ሣር የሚይዙት ታዲያ የተከበሩ ወንዶች ሽማግሌዎች ናቸው። ማጭድ የሻጠች አሮጊት አይደለችም።

ያን ጊዜ ግን ማን አሮጊቷን ያያል? ሣሩን ነው ያዩት። የበቀለ እጅ ከኮሌታው ላይ ወደቀ። ጋሽ አንጁሎ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወሎዬው ተፈራ ምኑም አልገባው፣ «እማማ! ተጎዱ?» እያለ ሊያነሳኝ ሮጠ። ጋሽ አንጁሎ ክንዱን ያዙት።

«አትንካት። ሣር ይዛለች።»

«ሣሩማ የጥጃዋ…» ልል አፌን ከፈትኩ። ዙሪያዬን አየሁ። ያ ትከሻ ሰፊው በቀለ እንደተቆጡት ልጅ መሬት መሬቱን ያያል። እንዴት አድርጌ ነው «የጥጃ ነው» የምለው? ዋጥኩት። እውነት ሲዋጥ ትንሽ ያንቃል፣ ግን ወረደልኝ።

«እናቴ፣ ሣርሽን አይተናል። ጠቡ ቆሟል። ተነሺ» አሉኝ ጋሽ አንጁሎ።

አልተነሣሁም። ጉልበቴ ተመትቶ እምቢ አለኝ እንጂ ቶሎ በተነሣሁ ነበር። እነሱ ግን «እርቅ ካልወረደ አልነሣም አለች» ብለው ተንሾካሾኩ። አንዷ ሴት እንባዋን ጠረገች። እኔም ጉልበቴን እያመመኝ ፊቴን ኮስተር አደረግኩ። ሽምግልና እንደሆነማ በደንብ ይሁን!

«እሺ፣ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

ምን እላለሁ? በሆዴ የነበረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ እሱው አመለጠኝ።

«ሰባተኛ ክፍል የቱ ነው?»

ዳይሬክተሩ ግራ ገባው። «ይሄው ነው እማማ። ያሉበት።»

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። አራት ግድግዳ፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ አፈር።

«ይሄ ነው? ይሄ ባዶ ቤት ነው ነገ ከነገ ወዲያ ልጄን የሚያፋታት? እኔ እኮ አውሬ ያለበት መስሎኝ ነበር!»

መጀመሪያ አስቴር ሳቀች። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ሲወጣ ጠቡም አብሮ ትንሽ ወጣ።

ጋሽ አንጁሎ «በቃ፣ ውጭ እንውጣና እንደ ዱቡሻ ወጉ እንቀመጥ» አሉ። ዱቡሻ የኛ የሽማግሌ ሸንጎ ነው። እዚያ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ግቢው ውስጥ ካለው ሾላ ሥር ተቀመጥን። ሁሉም ከሣሬ እየመዘዘ ይይዛል። አንዱ ይመዛል፣ ሌላው ይመዛል፣ ዳይሬክተሩ ሳይቀር መዘዘ። እቅፌ እየሳሳ ሲሄድ ጥጃዬ ዓይኔ ላይ ትመጣለች።

የተፈራ ተራ ደረሰ። ሣሯን በጣቱ ያሽከረክራታል፣ ምን እንደሚያደርጋት አያውቅም። ቤት ቢሆን ይሄን ጊዜ አስቴር አቋርጣው እሱም ተነሥቶ ወጥቷል። እዚህ የሚያቋርጠው የለም። ሣሯን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ተናገረ።

«ትምህርት ቤቱን ንቄ አይደለም። አሁን ሠራተኛ ሁሉ ወደየክልሉ ይሂድ ይባላል። አብረውኝ የሚሠሩት እየተነሡ ነው። እኔንም ነገ ተነሣ ቢሉኝ ልጄ መሃል ላይ ትቀራለች። ከወዲሁ አንድ ቦታ ትያዝ ብዬ ነው። ለአስቴርም አልነገርኳትም… እንዳትጨነቅ ብዬ።»

አስቴር ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ያን ሁሉ እራት የተጣሉት በወንበር አልነበረም ለካ! እኔም ሞኟ ሰባተኛ ክፍልን ስፈልግ ነበር፣ ነገሩ ያለው የአማቼ ሆድ ውስጥ ነው።

በቀለ ሣሩን እያየ «እንግዳ ነህ ያልኩህ…» አለና ሣሩን በሁለት እጁ ዘረጋለት። «ይቅር በለኝ ወንድሜ።»

«ይቅር ለእግዜር» አለው ተፈራ።

ጋሽ አንጁሎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ አንተን ያዛውሩሃል እንበል። እቺንስ ማን ያዛውራታል?» ብለው በባርኔጣቸው ወደኔ አመለከቱ።

«እሷንማ መንግሥትም አይችላት» አለች አስቴር፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም።

«እንግዲህ አያትየዋ እዚህ ካለች ልጅቷ የት ትቀራለች? ቤቷ ነው። ሰፈሯ ነው። የኛም ልጅ ናት።»

ተፈራ ዞሮ አየኝ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቀልድ «አበላታለሁ» ብቻ አልኩት። «እማማ፣ እሱንማ አውቃለሁ» አለኝ። ከዚያ ለጋሽ አንጁሎ «እሺ፣ እዚሁ ትማር» አላቸው።

ሰው ሲበተን እኔ ተመልሼ ወደ ባዶው ክፍል ገባሁ። ጥቁር ሰሌዳውን ነካሁት፣ ይቀዘቅዛል። ሥሩ ቁራጭ ጠመኔ ወድቋል። እንደ ጨው ነጭ ነው። ማንም እንደማያይ አረጋገጥኩና ላስኩት። ምንም ጣዕም የለው! (ሕይወት ይህን አልጽፍም ብላ ነበር። ጽፋለች።)

መስከረም ላይ በቀለ ከተዋጣው እንጨት ወንበር ሠራ። አንዳንዱ ይወዛወዛል፣ ቢሆንም ወንበር ነው። አስተማሪውም ዘግይቶ መጣ። ተፈራ የፈራው አልቀረም፣ ሕይወት ስምንተኛ ስትገባ ወደ ደሴ አዛወሩት፤ አስቴርም ተከተለችው። ልጅቷ ከኔ ጋር ቀረች። ኩርኩፋ እየሠራሁላት፣ የበቆሎ ድብልብል ከሽፈራው ቅጠል ጋር ማለት ነው፣ ስምንተኛን እዚሁ ጨረሰች። ከዚያ ወደ እናትና አባቷ ሄደች። አሁን አሥራ ሁለተኛ ናት። ክረምት ክረምት ትመጣለች፣ ይሄው አጠገቤ ተቀምጣ ትጽፋለች።

ዛሬም በዚያ ትምህርት ቤት ሳልፍ ቆም ብዬ በበሩ አያለሁ። ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ለጥጃ ታስቦ የታጨደ ሣር ሰው ማስታረቅ ይችላል ወይ? ወይስ ሣር ማን እንዳጨደው፣ ለምን እንዳጨደው ግድ የለውም? ጋሽ አንጁሎን እንዳልጠይቃቸው፣ መልሱ ያስፈራኛል። ባልጠይቅ ደግሞ ያሳክከኛል።

ያን ዕለት ማታ ባዶ እጄን ስገባ ጥጃዬ ሰፈሩን በጩኸት አቃጠለችው። ጎረቤቴ በየነች «ምን ሆና ነው?» ብላ መጣች። ደረቴን ነፍቼ ነገሩን ሁሉ ከሥሩ ነገርኳት፤ እንዴት ጠብ እንዳቆምኩ፣ እንዴት ልጅቷን እንዳስቀረሁ። በየነች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አትኮፈሺ» አለችኝ። «ልጅቷን ያስቀራት የጥጃዋ እራት ነው። በይ ሂጂና ሌላ አጭደሽ አምጪላት።»