በሰንጋ የተገዛች ሙስታንግ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ኤልያስ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነና «ጋሼ፣ ይቺን እያት እስቲ» አለኝ። ወላይታ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ካለች ቁርስ ቤት ተቀምጠን ቦይና፣ የተቀቀለ ጎደሬ፣ በዳጣ እየበላን ነበር። ስልኩ ውስጥ የአሜሪካ ጨረታ ይታያል። ሰፊ አዳራሽ፣ ለሠርግ የተጠራ የሚመስል ሕዝብ፣ መሀል ላይ የተወለወለች ቀይ ሙስታንግ። መድረክ ላይ የቆመው ሰውዬ ምላሱ እንደ ስፌት መኪና ይሮጣል። አንዱ እጁን ያነሳል፣ ሌላው ይጨምርበታል። በመጨረሻ መዶሻው ወረደ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ኤልያስ ዋጋውን ወደ ብር መንዝሮ ነገረኝ። አልደግመውም፤ ያሳፍራል።

«ለአሮጌ መኪና!» ብሎ ሳቀ። «እብዶች አይደሉም ጋሼ?»

«እኔም እንደዚች ያለች ነበረችኝ።»

«ሂድ ጋሼ! አንተ? ሙስታንግ?»

ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ። ያን ዕለት ያልነገርኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ። ያናደደኝን ነገር መጻፍ የቻልኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነው፤ ስለዚህ አላባክነውም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ከጋራዡ ከፍ ብሎ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግቢ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ቀይ ሙስታንግ ቆማ ነበር። የውኃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር የመጣ አንድ አሜሪካዊ አምጥቷት፣ መንግሥት ሲለወጥ ትቷት ሄደ። ባለ ስምንት ሲሊንደር ናት። ከፊቷ የምትጋልብ ፈረስ ስላለችባት የሰፈሩ ሰው በወላይትኛ «ፓራ» ይላት ነበር፤ ፈረስ ማለት ነው። ዘበኛውን ለምኜ በወር አንድ ቀን አስነሳታለሁ። ካንዴላዋን አጸዳለሁ፣ ካርቡራቶሯን ፈትቼ አጥባለሁ። ስትነሳ የጥላው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፣ ከዳሞታ ተራራ ጉም የወረደ እንደሆነ ደግሞ ድምጿ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ማንም አልከፈለኝም። እወዳት ነበር፣ በቃ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የግቢው በር ላይ የጨረታ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ፊደል የሚባል አላውቅም። ሆኖም ሰው ሲያነብ አይቻለሁ፤ ማስታወቂያው ፊት ቆሜ ዓይኔን ከግራ ወደ ቀኝ አመላለስኩ፣ ይበቃል ብዬ የገመትኩትን ያህል ቆየሁ፣ ራሴን ነቅንቄ ሄድኩ። የጨረታውን ቀን ዘበኛው ነገረኝ። የቀረውን አልጠየቅሁም። ሞተሯን ገልብጬ የማውቃት እኔ ነኝ፤ ስለ እሷ ወረቀት ምን ይነግረኛል?

ገንዘብ አልነበረኝም። አባቴ ግን ለጊፋታ በዓል የሚቀልበው ሰንጋ ነበረው። ጊፋታ ምን እንደሆነ ለወላይታ ሰው አይነገርም፤ ለሌላው ልንገረው። ዓመቱን ሙሉ ተቆጥቦ፣ መስከረም ላይ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሥጋ የሚበላበት የእኛ ዘመን መለወጫ ነው። ያን ቀን ቤቱ ሥጋ የሌለው ሰው ጎረቤቱን ቀና ብሎ አያይም። እኔም ያን ሰንጋ እንሽጠው አልኩ።

አባቴ ወደ ሰንጋው ዞር ብሎ አየና «መኪናዋን ለጊፋታ እናርዳታለን?» አለኝ።

«አባዬ፣ በሷ ሠርቼ ለከርሞ ሁለት ሰንጋ እገዛልሃለሁ።»

ሸጠው። አባቴ ቃሌን የሚያምን ሰው ነበር።

ጨረታው ግቢው ውስጥ በይፋ በድምፅ ነው የተካሄደው። ጭቃ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ሦስት የኮሚቴ ሰዎች ተቀምጠዋል። ጸሐፊያቸው አቶ ታረቀኝ ይባላል። ይህን ሰውዬ ልብ በሉልኝ። ወንድሜ ከመተሃራ ደብዳቤ በላከ ቁጥር ይዤ የምሄደው እሱ ዘንድ ነበር፤ ያነብልኛል፣ መልሱንም ይጽፍልኛል። ፊደል አለማወቄን ከእናቴ ቀጥሎ የሚያውቅ እሱ ነው።

ተፎካካሪዬ ሸምሱ የሚባል የስልጤ ሰው፣ ብረታ ብረት ነጋዴ ነው። ጠራ፤ ጨመርኩ። ጨመረ፤ ጨመርኩ። ሦስተኛው ላይ ትዕግሥቴ አለቀና የሰንጋውን ዋጋ በሙሉ ባንዴ ጠራሁት። ግቢው በሳቅ ተሞላ። በጀግንነቴ የተደነቁ መሰለኝ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ! እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ሳቄ ነው።

ሸምሱ ጠጋ አለኝ። «ወንድሜ፣ ብረቱ እኮ ይህን አያወጣም። ምን ልታደርጋት ነው?»

«ልነዳት ነዋ! ብረት ብረት የሚሸትህ አንተን ነው።»

ሊናገር አፉን ከፈተ። ወደ ኮሚቴው አየ፣ ዘጋው።

አቶ ታረቀኝ ውሉን ወደ እኔ ገፋው። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል።

«አንብበሃል?» አለኝ።

ዓይኔን አመላለስኩ። «አንብቤያለሁ።»

ፊርማ ነበረችኝ፣ የተጠማዘዘ ሽቦ የምትመስል፤ የጋራዡ ባለቤት ያስለመደኝ። ጣልኳት። እሱም ማኅተሙን አሳረፈ።

ሁለት ሳምንት ጎማዋን፣ ፍሬኗን ስሠራ ሰነበትኩ። የጊፋታ ዋዜማ አባቴን ጋቢውን እንደለበሰ ከጎኔ አስቀምጬ ወደ ጎረቤታችን ከተማ ወደ ቦዲቲ ነዳሁ። ዝናቡ አቁሟል፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ አደይ አበባ ፈክቷል፣ ሕፃናት «ፓራ! ፓራ!» እያሉ ይከተሉናል። አባቴ በአንድ እጁ በሩን፣ በሌላው ጉልበቴን ይዞ ነበር። ቦዲቲ ልንገባ ስንል ትራፊክ አስቆመን። ሰሌዳ የለም፣ ሊብሬ የለም። ያለኝን ወረቀት ኩራት እየተሰማኝ ሰጠሁት።

አንብቦ ሲያበቃ ቀና ብሎ አየኝ። «ይህን ፈርመህ ነው የምትነዳት?»

«አዎና።»

ከታች ያለችውን መስመር በጣቱ እየተከተለ፣ አባቴ እየሰማ አነበበልኝ። ቀረጥ ያልተከፈለባት ስለሆነች በተሽከርካሪነት አትመዘገብም፤ የምትሸጠው ተቆራርጣ ለብረታ ብረት እንድትውል ብቻ ነው።

በጭነት መኪና ተጎትታ ሶዶ ተመለሰች። በጊፋታ ቀን ቤታችን ጎመን ተበላ፤ ጎረቤት የላከልንን ሥጋ አባቴ አልነካም። ሸምሱ በብረቱ ዋጋ ገዛት፤ አላጭበረበረኝም፣ እንዲያውም ዓይኔን ማየት ከበደው። በጋዝ እሳት ሲቆርጧት አባቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «እንግዲህ አረድናት» አለ። ያን ነገር ዳግም ሳያነሳ ሞተ። ኮፈኗ ደግሞ የአንድ ሱቅ መዝጊያ ሆኖ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ቀይ ፊቱን ይዞ ያየኝ ነበር።

አቶ ታረቀኝ ቢሮ ሄጄ ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት። «ታውቅ ነበር!»

«አውቅ ነበር» አለኝ፣ ብዕሩን ሳያስቀምጥ። «ጠየቅሁህኮ። አንብቤያለሁ ያልከኝ አንተ ነህ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማንበብ አትችልም ብዬ ላዋርድህ ነበር?»

ይህን መልሱን ስንት ዓመት አኘክሁት፤ አይዋጥም። ሰውን ከማዋረድ ማራቆት ይሻላል? ደብዳቤዬን ሲያነብልኝ የኖረ ሰው ያቺን አንዲት መስመር ጠጋ ብሎ በጆሮዬ ቢያነብልኝ ምላሱ ይቆረጥ ነበር? አዎ፣ ዋሽቻለሁ። የእኔ ውሸት የእፍረት ነው። የእሱን ዝምታ ግን ምን ልበለው? ማኅተም ያረፈበት ዝምታ ነው።

ከሠላሳ አምስት ዓመቴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን የጎልማሶች ትምህርት፣ ጉልበቴ የማይገባበት የልጆች ወንበር ላይ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። ብዙዎቹ መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ ነው የመጡት። እኔ የመጣሁት በንዴት ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ንዴትም ያስተምራል።

ትናንት በአንድ መሥሪያ ቤት አጥር በኩል ሳልፍ የጨረታ ማስታወቂያ አየሁ፣ አሮጌ ሞተር ብስክሌቶች። ፊቱ አንድ የገጠር ጎልማሳ ቆሟል፣ የዝንጅብል ከረጢት ትከሻው ላይ። ዓይኑን ከግራ ወደ ቀኝ ያመላልሳል። የሚበቃውን ያህል ቆየና ራሱን ነቀነቀ። ደሜ ፈላ።

«ላንብብልህ?» አልኩት።

«አንብቤዋለሁ አባባ» አለ ቆጣ ብሎ።

«እኔም አንብቤ ነበር።»

ወደ ማስታወቂያው ዞርኩና፣ እሱን ሳላይ፣ ለመንገደኛው ሁሉ የማውጅ ይመስል፣ ከታች ያለችውን ቀጭን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኳት። ሊብሬ የሌላቸው መሆኑን ተጫራቾች ተረድተው ይግቡ ትላለች። ዘበኛው «ምን ያስጮህዎታል?» ብሎ ብቅ አለ።

ጎልማሳው አላመሰገነኝም። ከረጢቱን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ፣ መሬት መሬት አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ «እስቲ ይድገሟት አባባ» አለኝ።

ደገምኳት።