ከቴሌቪዥኑ ጋር የተሸጠው መዝሙር

ፉትስክሬይ ሰፈር አንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ከበራ ወፍራም ቴሌቪዥን የጋለ አቧራ ሸተተኝና ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

ፍሌሚንግተን ሰፈር የመንግሥት ኪራይ ፎቅ ላይ ስንኖር፣ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ማታ ማታ እኛ ቤት ዜና ያዩ ነበር። አንድ ቀን አባቴ ስልኩን እያነበበ፣ «እትዬ፣ ያ እዚህ ሳንመጣ በስደት የነበርንበት አገር ብሔራዊ ቴሌቪዥኑን ለባለሀብት ሸጠ አሉ» አላቸው።

እትዬ አስካለ ብርቱካን መላጡን አቆሙ። «ካሴቶቹስ?»

«የምን ካሴት?»

«ለገና የስደተኞቹን መዘምራን የቀረጹበት ነዋ! ዮኒዬ እኮ እዚያ ላይ አለ። እኔ አንድ ፎቶ እንኳ የለኝም።»

ዮናስ ልጃቸው እንደነበረ፣ እዚያው አገር እንደሞተም አውቅ ነበር። «ቲቪውን የገዛው ሰውዬ ዮናስንም ገዛው ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

አባቴ አፈጠጠብኝ። እትዬ አስካለ ግን፣ «ተዋት፤ እኔም የምጠይቀው እሱኑ ነው» አሉ።

እሳቸው መልሱን ሳያገኙ አረፉ። እኔ እስከዛሬ የዚያን ጣቢያ የድሮ ቅጂዎች ኢንተርኔት ላይ እፈልጋለሁ። ዮናስን በመልክ አላውቀውም። አፉን ከፍቶ የሚዘምር ልጅ ባየሁ ቁጥር ቪዲዮውን አቆምና፣ «አንተ ነህ?» እለዋለሁ።